ሰነፍ ውሃ

አክስቴ የከተማችንን ውሃ «ሰነፍ» እያለች ትሰድበው ነበር። ያውም ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እየሰማ። እናቴ በሞተች በዓመቱ እኔን ልታሳድግ ከቆላ አገር መጥታ ቤታችን ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቄላ በጣደች ቁጥር የድስቱን ክዳን ብድግ ታደርግና «ይኸው! ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ የሚያበስለው ነገር ግን የለም። ቆላ ቢሆን እኮ ይሄኔ በልተን ዕቃው ታጥቧል። የዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አይሞቅም። ሰነፍ!» ትላለች።

እኔ በዚህ አፍር ነበር። የሚፈላና የማይሞቅ ውሃ ምን ዓይነት ነገር ነው? ደግሞ እኛ ቤት «ሰነፍ» ቀላል ስድብ አልነበረም። ሰነፍ ማለት ካርዱ ላይ ቀይ የበዛበት፣ ወላጁ በየሳምንቱ የሚጠራበት ልጅ ነው። እኔ ግን ጎበዝ ነበርኩ። ጎበዝ መሆኔን የማያውቅ ሰው ካለ ራሴ እነግረው ነበር። ከአንደኛ ክፍል እስከ ስድስተኛ አንደኛ ነው የወጣሁት። የክፍል አለቃ ነበርኩ፣ የክፍሉ ቁም ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፣ እጅ ጽሑፌ ደግሞ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። አባቴም እዚያው ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ስለሚሠራ፣ እሱ የመጋዘኑን እኔ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይዘን ጠዋት ጠዋት ስንሄድ አክስቴ «ሁለት አለቆች አለፉ፣ መንገድ ልቀቁ!» እያለች ትስቅብን ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ አዲስ የሳይንስ መምህርት መጣች። ቀጭን፣ ጫማዋ ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ፣ ጠመኔ ስትይዝ የእጅጌዋን ጫፍ የምታቆሽሽ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን «ተክል ምግቡን የት ያዘጋጃል?» ብላ ጠየቀች። እጄን ሳላወጣ ተነሥቼ «በቅጠሉ!» አልኩ። «ጎበዝ፣ አጨብጭቡላት» እስክትል ቆሜ ስጠብቅ፦

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

«መጽሐፉ ላይ አለ፣ ቲቸር።»

«መጽሐፉስ እንዴት አወቀ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ጆሮዬ ጋለና ተቀመጥኩ። ለእኔ «እንዴት አወቅሽ?» ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነበር። አክስቴ ስኳሩን ትደብቃለች፤ አባቴ «ስኳሩ የት ነው?» ይላል፤ እኔ ቸኩዬ «ከዱቄቱ ኋላ» እላለሁ፤ አክስቴ ወገቧን ይዛ «እንዴት አወቅሽ?» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማንም ልጅ ያውቀዋል። እናም ይቺ መምህርት በሳምንት አራት ቀን፣ በክፍለ ጊዜው ቢያንስ ስድስት ጊዜ፣ ስኳር የሰረቅን ይመስል ስትጠይቀን ከረመች። ስሟንም «እንዴት አወቅሽ» አልናት። «እንዴት አወቅሽ መጣች!» ሲባል ሁላችንም ደብተር እናወጣለን።

ሴትዮዋ ግን የጠየቀችው ማወቅ ስለፈለገች ነበር። ይህን ለመረዳት የፈጀብኝን ዓመት ስቆጥር በራሴ እበሽቃለሁ።

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲጀመር መምህርቷ አባቴን ለምና፣ ሦስት ቦታ ፈርማ፣ ሰባት ቴርሞሜትር ከመጋዘን አስወጣች። እነዚያ ቴርሞሜትሮች ጥጥ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ተኝተው ነበር። አባቴ ሲያስረክባት አንድ በአንድ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። «እንዳይሰበሩ፣ መምህርት» አላት። «ካልሰበርናቸው ምን ያደርጋሉ?» ብላ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

ሰኞ ዕለት በሰባት ቡድን ተከፍለን ሰባት የላምባ ምድጃ ለኮስን። ክፍሉ በላምባ ሽታና በጩኸት ተሞላ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ድስት፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ ጸሐፊ ነበረው። የእኛ ቡድን ጸሐፊ ማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። እንፋሎቱ ደብተሬን እንዳያረጥበው ለድስቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩና ከኋላዬ ቀጮ የምንለው ልጅ የሚጠራውን ቁጥር አሳምሬ እጽፍ ጀመር።

«ሰባ! … ሰማንያ! … ዘጠና! … ቆመ።»

«ምን ማለት ነው ቆመ?» አልኩ ሳልዞር።

«ቆመ ነዋ! ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ።»

«እሳት ጨምሩበት!»

ጨመሩበት። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ዘለለ፣ ምድጃውን አጠፋው ሊባል ምንም አልቀረውም። ዘጠና ሁለት። ከወዲያኛው ጥግ ዘጠና ሦስት ተባለ፣ ከመስኮቱ ሥር ዘጠና አንድ ተኩል። መጽሐፋችን ግን ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ፣ በደማቅ ቀለም፣ በሣጥን ውስጥ፣ ውሃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ዘጠና ሁለት ከመቶ እኮ አሪፍ ውጤት ነው! ይለፍ!» ሲል መምህርቷ ጠረጴዛ ይዛ እስክትደገፍ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም። እኔ አልሳቅኩም። ሙከራው ተበላሽቶብን ምኑ ያስቃል?

«ጻፉት» አለች። «ያያችሁትን ቁጥር፣ በእስክሪብቶ። የሚሰረዝ ነገር የለም። ከሥሩ ለምን እንደዚህ እንደሆነ መላምታችሁን ጻፉ። ቤታችሁ የሚያበስለውንም ሰው ጠይቁ።»

ይኸው ደግሞ! በየፈተናው ወረቀት አናት ላይ «መላ መምታት ክልክል ነው» የሚል ትምህርት ቤት ውስጥ ሴትዮዋ መላ ምቱ ትላለች። የሚያበስለውን ሰው ጠይቁ ስትልማ ጭራሽ ተበሳጨሁ። ሳይንስ ከማጀት ምን አገናኘው?

ቢሆንም ታዛዥ ነበርኩና አክስቴን ጠየቅኋት። ባቄላ እየለቀመች ነበር።

«አልነገርኩሽም? ሰነፍ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «ይፈላል እንጂ አይሞቅም። ቆላ እጅሽን እንፋሎቱ ላይ ብታደርጊ ይልጥሻል፤ እዚህ ግን ለስሙ ነው የሚጮኸው። ሂጂ ለአስተማሪሽ እንደዚያ በያት።»

የከተማችን ሰው ሁሉ ያጣውን መልስ ይህቺ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ባቄላ እየለቀመች በእጄ ሰጠችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ክፍሌ ሄጄ፣ ማስመሪያ ዘርግቼ፣ ባማረው እጅ ጽሑፌ «መላምት፦ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አራት ቡድን ከእኔ ገለበጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ መጽሐፉን መጠየቅ ፈራንና ቴርሞሜትሩን ደበደብነው።

ማክሰኞ ከትምህርት መልስ የቤቱን በር ልከፍት ስል አባቴና አክስቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለነበር ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ ይመጣሉ» ይላል። «የልጆቹን ደብተር ሊያዩ። ደብተሩ ካማረላት ክፍሉን አገኘች። ካላማረላት ክፍሉን ታጣዋለች፣ በቃ።»

«ታዲያ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለው ጽፈዋል እኮ! የኔዋ ጉድ ሳትቀር! እኔ እኮ ነኝ ደህና ናቸው ብዬ በየዓመቱ የምፈርመው።»

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ! እስቲ ሂድና ራስህ እያቸው።»

«እኔ ምን አውቄ አያለሁ?»

በሩን ሳልከፍት ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የገባኝ እንዲህ ነበር፦ መምህርታችን ልትባረር ነው፤ ክፍሏን፣ ማለትም እኛን፣ ልታጣ ነው። አባቴም ከእሷ ጋር ሊወድቅ ነው። ሁለቱንም የሚጥላቸው እኔ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። አባቴ «ክፍሉ» ያለው ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለውን፣ የተሰበረ ዴስክ የተከመረበትን ባዶ ክፍል ነበር። መምህርቷ ያ ክፍል ቤተ ሙከራ ይሁንልኝ ብላ ከመጣች ጀምሮ ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራለች። ሱፐርቫይዘሩን የጠራችው ራሷ ናት። ላሳይዎ የምፈልገው የልጆች ሥራ አለኝ፣ የተሳሳተውም ትክክሉም በልጆቹ እጅ የተጻፈ፣ ብላ ነበር የጻፈችለት። ደብተሮቻችን ክሷ ሳይሆኑ ምስክሮቿ ነበሩ። እኔ ይህን ከየት ልወቅ? ብጠይቅ አውቅ ነበር። ግን ጎበዝ ልጅ አይጠይቅም፣ ይመልሳል እንጂ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁና ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ሰባቱን የቡድን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። የአባቴን አሮጌ ምላጭ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ መጥቼ ነበር። የእስክሪብቶ ቀለም በምላጭ ሲፋቅ ጥበብ አለው፤ ምላጩን ማጋደም ነው፣ ቀስ እያሉ አቧራውን እፍ ማለት፣ ከዚያ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣት ጥፍር ማለስለስ። ካላለሰለሱት አዲሱ ቀለም ይዘረጋል። ዘጠና ሁለትን ፋቅኩ፣ ዘጠና ሦስትን ፋቅኩ፣ ዘጠና አንድ ተኩልን ፋቅኩ። ሰባት ጊዜ መቶ ጻፍኩ። የሁሉንም መላምት ፍቄ በምትኩ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» አልኩ፣ ነጥቡን ሳልረሳ። አንዱ ቡድን «ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ይሆን?» ብሎ ጽፎ ነበር። እሱንም ፋቅኩት። ያንን ዐረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አንጀቴን ያሳርረኛል።

አሁን የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አራሚ ነኝ። የሰው ስሕተት እየለቀምኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ከዚያን ቀን የበለጠ ንጹሕ እርማት ግን ሠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት መምህርቷ ከመምጣቷ በፊት ክፍሉን ሰበሰብኩት። «ስሙ» አልኳቸው፣ «ሰውየው ከጠየቀ መቶ ነው የምትሉት። አለበለዚያ ቲቸር ትባረራለች።» ማንም አልተከራከረኝም። ቀጮ ብቻ «እኔ ግን ዘጠና ሁለት ነው ያየሁት» አለ። «እና እንድትባረር ትፈልጋለህ?» አልኩት። ቦርሳውን ከፍቶ ደብተሩን ማውጣት ጀመረ።

ሱፐርቫይዘሩ ግራጫ ኮት የለበሰ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር። መምህርቷ አዲስ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ጫማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወልውሏል። ቁም ሣጥኑን ራሴ ከፍቼ ደብተሮቹን ራሴ አቀረብኩለት። መነጽሩን አወረደና ገለጠ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ።

«ድንቅ ነው!» አለ። «ሰባት ቡድን፣ ሰባት መቶ! ፍንጣቂ ልዩነት የለም። እጅ ጽሑፉ እንኳ አንድ ዓይነት! መጽሐፉ ራሱ እንዲህ አያምርም።»

ደረቴ ተነፋ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው የሰውየው ድምፅ ሬት ሬት ይል ነበር። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ድንቅ ሲባል ድንቅ ነው የሚገባት።

መምህርቷ ደብተሩን ከእጁ ተቀበለች። በአውራ ጣቷ ገጹን ዳሰሰችው፤ የተፋቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ቀና ብላ እኛን አየችን፣ አንድ በአንድ።

«ልጆች» አለች፣ «ውሃው ስንት ላይ ፈላ?»

እኔ ወደ ልጆቹ ዞር ብዬ በጣቴ ምልክት ሰጠሁ።

«መቶ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«መጽሐፉን አይደለም የጠየቅኳችሁ። ሰኞ ዕለት ያያችሁትን ነው።»

መምህር ሁለተኛ ጊዜ ከጠየቀ ጮክ በሉ ማለት ነው፤ ይህን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል።

«መቶ!!!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ወደ እኔ መጣች። ዴስኬ ላይ ሁለት እጇን አስደግፋ ዝቅ አለች። ቁጣ አልነበረባትም። የምትለምነኝ ትመስል ነበር፣ ያኔ ግን የሚለመን ነገር በእጄ እንዳለ አላወቅኩም።

«አንቺ የቡድንሽ ጸሐፊ ነሽ። መቶ መሆኑን እንዴት አወቅሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ጥያቄ የማያዳግም መልስ ነበረኝ።

«በዓይኔ አየሁት፣ ቲቸር!»

ቀና አለች። ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞራ «ጌታዬ፣ ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ» አለች። «አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ እርስዎ ፊት እናፈላዋለን።» ከዚያ ቀጮን ልካ አባቴን አስጠራችው፤ ቴርሞሜትሮቹ ሰኞ ማታ ወደ መጋዘን ተመልሰው ነበር።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። «ቁልፉ ከእኔ ጋ የለም፣ መምህርት» አለ። «ቤት ረስቼው መጣሁ።»

የመጋዘኑ ቁልፎች የታሰሩበት ቀለበት የልጅ ቡጢ ያክላል። የአባቴ የኮት ኪስ ተወጥሯል፤ እጁን ከላዩ ላይ አድርጎ እንዳይንሿሿ ጨብጦታል። ጠዋት መንገድ ላይ ሲንሿሿ ሰምቼዋለሁ። ልቤ በደስታ ዘለለ። አባዬም ገብቶታል! እሱም እንደ እኔ ሊያድናት ነው! ዓይኔን ጠቀስኩት። አላየኝም።

አባቴ ማንንም ማዳኑ አልነበረም። ቴርሞሜትሮቹ ሰው ፊት ተበላሽተው እንዳይገኙበት ፈርቶ ነበር። እኔ ጻፍኩ፣ እሱ አመነ። እኔ ቴርሞሜትሩን አላየሁትም፣ እሱም አላየውም። ቤታችን ውስጥ አይቶ የተናገረ ሰው ቢኖር አክስቴ ብቻ ነበረች፣ እሷን ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሩን መወርወር ያምረኛል።

ሱፐርቫይዘሩ ደብተሩን ዘጋው። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ድምፁ በተከፈተው በር ገባ።

«እኔ እዚሁ ከተማ ነው ተወልጄ ያደግኩት። እዚህ ውሃ መቶ ላይ ፈልቶ አያውቅም።»

ወደ ዴስክ ጓደኛዬ ዞሬ «ሰማሽ?» አልኳት። «ፈልቶ አያውቅም ነበር፤ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን!»

መምህርቷ ተመልሳ ስትገባ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ለረጅም ጊዜ ጠመኔ ይዛ ሳትጽፍ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ደስታ ነው አልኩ። አልተባረረችማ! ክፍሏ ውስጥ ናት!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተ መጻሕፍት እንድትሠራ ተመደበች። እኔ ሹመት መሰለኝ፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወንበር፣ መጋረጃ። ሳይንስን የሚያስተምረን ሌላ ሰው መጣ፤ መጽሐፉን ያነብልናል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ማንም እንዴት አወቅሽ አይልም። እንደገና ያለ ስጋት አንደኛ ወጣሁ። የተሰበሩት ዴስኮች ባዶው ክፍል ውስጥ እንደተከመሩ ቀሩ፤ ቴርሞሜትሮቹም ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ከእሷ መጽሐፍ እዋስ ነበር። መጽሐፍ በመለስኩ ቁጥር መምህርቷ ካርዱን እየሞላች «ከዚህ ውስጥ ያላመንሽው የቱን ነው?» ትለኛለች። እኔም ኮራ ብዬ «ሁሉንም አምኛለሁ፣ ቲቸር» እላታለሁ። ሴትዮዋ እጅ ጽሑፌን ታውቀዋለች። የኔን መቶዎች በጣቷ ዳስሳቸዋለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለችኝም። መጠየቋን ብቻ አልተወችም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል አገኘሁት፦ ቦታው ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው አየር ይቀላል፣ ውሃም መቶ ሳይደርስ ይፈላል። የሰውየው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ እንደገና ተሰማኝ። ሰባት ቡድን፣ ሰባት መቶ። ሙከራውን ሳታሠራ ከመጽሐፍ አስገለበጠች ብሎ ነበር የደመደመው፤ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይላል? የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ስሄድ መምህርቷ ከተማውን ለቃ ሄዳለች ተባልኩ። የት? የሚያውቅ የለም። ይቅርታ የሚጠይቁትን ሰው ማጣት ክፉ ነው። ዛሬም በሕይወት ያለች ይመስለኛል፤ እንዴት አወቅሽ ብትለኝ ግን መልስ የለኝም።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሳይንስ ደብተሯን ይዛ ማድ ቤት መጣች። በሣጥን ውስጥ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚል ተጽፏል፣ በቀይ ራይት ተደርጎበታል። ይህ የተገለበጠበትን የተማሪ መጽሐፍ በየዓመቱ እኔው ነኝ የማርመው። የፊደል ግድፈት የለበትም።

«እዚህ ከተማ በመቶ አይፈላም» አልኳት ሽንኩርት እየከተፍኩ። «በዘጠና ሁለት ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ደሜ ፈላ። ደሜ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አላውቅም፣ ከዘጠና ሁለት በታች መሆኑን ግን እምላለሁ። «እንዴት አወቅሽ ማለት ምን ማለት ነው? እናትሽ ነኝ! መጽሐፍ ላይ አን…»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። እኔ ያንን ዘጠና ሁለት አይቼው አላውቅም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያየው ቀጮ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። መቶውንም ዘጠና ሁለቱንም ያመንኩት በጆሮና በወረቀት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በራሴና በሰው ሁሉ ስናደድ፣ አንድ ድስት ውሃ ጥጄ ማየት እንኳ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ቴርሞሜትር ገዝቼ ገባሁ። አባቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እግሩ ደክሟል፣ አእምሮው ግን ንቁ ነው። ወንበሩን ጎትቶ ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ባለመኖሯ አዘንኩ። እሷ ብትኖር ኖሮ «ለዚህ ነው ዕቃ የሚገዛ?» ብላ ትስቅብን ነበር።

ልማድ ሆኖብኝ ደብተሩንና እስክሪብቶውን እኔ ያዝኩ። ልጄ ቀማችኝ።

«እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ እዪ።»

አጎነበስኩ። እንፋሎቱ ፊቴን መታው። የቴርሞሜትሩ ቀይ ክር ወጣ፤ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። ውሃው ይጮኻል፣ ይዘልላል። ክሩ ቆመ። እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ንቅንቅ አላለም።

«ስንት?» አለች ልጄ።

አፌን ስከፍት መጀመሪያ ምላሴ ላይ የመጣው መቶ ነበር። እውነቴን ነው። ዋጥኩት።

«ዘጠና ሁለት» አልኩ። ልጄ ጻፈች።

አባቴ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው የኔዎቹ ደህና ነበሩ» አለ።

«ደህና ነበሩ፣ አባዬ። ሰባቱም።»

ውሃው ተንተከተከ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ እጁ ግን የድሮውን ቦታ ያውቃል።

«ያን ዕለት እኮ» አለ፣ «ቁልፉ ከእኔ ጋ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዴት አወቅሽ?»

«አየሁት» አልኩት።